ሬዚደንሲው አለቀ፣ ቀጣዩ ገና አልጀመረም፤ ቪዛውስ?



ዛሬ የምናወራው ስለ ጨጓራ ወይም ስለ ደም ግፊት አይደለም። ስለ ሐኪሞቹ ራሳቸው ነው። ክረምት ሲገባ ኢንቦክሳችን ላይ የሚደጋገም ጥያቄ አለ፦ «ወንድሜ አሜሪካ ስፔሻሊቲውን ሊጨርስ ነው፤ ቀጣዩ ሥልጠና ግን ወዲያው አይጀምርም። በመሃል ያለውን ጊዜ ቦንጋ መጥቶ ከእናቱ ጋር ቢያሳልፍስ?»

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። መልሱ ግን የአንድን ሐኪም የብዙ ዓመት ልፋት ሊያተርፍም ሊያበላሽም ይችላል። ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው።

ክፍተቱ ከየት ይመጣል?

የአሜሪካ የሬዚደንሲ ዓመት በአብዛኛው በእኛ ሰኔ 24 ይጀምርና በቀጣዩ ዓመት ሰኔ 23 ያልቃል። ማን የት እንደተመደበ የሚታወቀው ደግሞ መጋቢት ላይ ነው። ወረቀት ለመጨረስ፣ ኤምባሲ ለመቅረብና ለመብረር ያለው ጊዜ ሦስት ወር ከምናምን ብቻ ነው ማለት ነው።

በዚህ ጠባብ ጊዜ ውስጥ አንድ ነገር ከተጓተተ ሁሉም ይጓተታል። በ2017 ያየነው ይህንኑ ነው። ግንቦት 19 ቀን የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ለተማሪዎችና ለልውውጥ ፕሮግራም ሰዎች አዲስ የቪዛ ቀጠሮ እንዳይሰጥ ለኤምባሲዎች ትእዛዝ ሰጠ። ቀጠሮው እንደገና እንዲከፈት የተወሰነው ሰኔ 11 ነው። ሥራ የሚጀመረው ሰኔ 24! በመሃል 13 ቀን ብቻ። ቀደም ብሎ ቀጠሮ የያዘ ተረፈ፤ ያልያዘው ተጨነቀ።

አሁን አስቡት። ዘግይቶ የጀመረ ሐኪም ዘግይቶ ይጨርሳል። በወሊድ ወይም በሕመም ረጅም ፈቃድ የወሰደችም እንደዚሁ። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ፌሎውሺፕ (ሰብ ስፔሻሊቲ) ወይም ሥራ ግን የራሱ የመጀመሪያ ቀን አለው። ሁለቱ ቀኖች ካልገጠሙ ክፍተት ተፈጠረ ማለት ነው። ለአሜሪካዊ ሐኪም ይህ እረፍት ነው። ለውጭ አገር ሐኪም ግን የመኖሪያ ፈቃዱ የታሰረው በሥልጠናው ላይ ስለሆነ ክፍተቱ የሕግ ጉዳይ ይሆናል።

መጀመሪያ ይህን እንለይ፦ ቪዛ ሌላ፣ ስታተስ ሌላ

ብዙ ቤተሰብ የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው። ቪዛ ማለት ወደ አሜሪካ ለመግባት ፓስፖርት ላይ የሚለጠፈው ፈቃድ ነው። ስታተስ ደግሞ ከገቡ በኋላ በሕጋዊ መንገድ የመቆየት መብት ነው።

ከሐምሌ 1 ቀን 2017 ጀምሮ ለኢትዮጵያውያን የሚሰጡት አብዛኞቹ ጊዜያዊ ቪዛዎች ለ3 ወር ብቻ የሚያገለግሉና አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገቡ እንዲሆኑ ተደርጓል። ስለዚህ ልጃችሁ ሐምሌ ላይ ገብቶ ኅዳር ላይ ቪዛው «አልቋል» ቢላችሁ ሕገወጥ ሆነ ማለት አይደለም። የሥልጠና ወረቀቱ እስካለ ድረስ በሰላም ይሠራል።

ችግሩ ከወጣ ነው። አንዴ ከወጣ ለመመለስ አዲስ ቪዛ ያስፈልገዋል፤ አዲስ አበባ ኤምባሲ፣ አዲስ ቀጠሮ፣ አዲስ ቃለ መጠይቅ። ለሠርግም ይሁን ለለቅሶ ያው ነው።

ጄ-1 ላይ ያለ ሐኪም

አብዛኞቹ የውጭ አገር ሬዚደንቶች የሚገቡት በዚህ ነው። ለሐኪሞች የጄ-1 ስፖንሰር አንድ ድርጅት ብቻ ነው፤ ኢሲኤፍኤምጂ። ዲኤስ-2019 የሚባለውን ወረቀት በየዓመቱ ያድሳል። አጠቃላይ ጣሪያው ብዙውን ጊዜ 7 ዓመት ነው።

ክፍተት ሲመጣ ማወቅ ያለባችሁ፦

👉 ፕሮግራሙ ካለቀ በኋላ 30 ቀን የመሰናጃ ጊዜ አለ። ዕቃ ለመሸከፍና ለመውጣት ነው እንጂ ለመሥራት አይደለም። በዚህ ጊዜ ከአሜሪካ ከወጣ በዚያው ወረቀት ተመልሶ አይገባም።

👉 ቀጣይ ፌሎውሺፕ ካለ የእድሳት ማመልከቻው መግባት ያለበት አሮጌው ወረቀት ሳያልቅ ነው። ሆስፒታሉ ውስጥ ይህን የሚከታተል ቲፒኤል የሚባል ሰው አለ። ከአለቃም ከጓደኛም በፊት እሱን ማናገር ነው።

👉 የቦርድ ፈተና ለመውሰድ የሚቆይ ሰው የማራዘሚያ ዕድል አለው። ግን ፕሮግራሙ ከማለቁ በፊት መጠየቅ አለበት፤ በማራዘሚያው ጊዜም መሥራት አይቻልም።

👉 «ወደ ቱሪስት ቪዛ ቀይረህ ተቀመጥ» የሚል ምክር ከሰማችሁ ተጠንቀቁ። ለሌላ ሰው ሊሠራ ይችላል። ለክሊኒካል ሥልጠና በጄ-1 የገባ ሐኪም ግን አሜሪካ ውስጥ ሆኖ ወደ ቱሪስት እንዲቀይር ሕጉ አይፈቅድለትም።

👉 ሚስት ወይም ባል በጄ-2 ካሉ የእነሱም መብት አብሮ ያልቃል። የሥራ ፈቃድ ቢኖራቸውም።

ኤች-1ቢ ላይ ያለ ሐኪም

ይህ የሥራ ቪዛ ነው። ለሬዚደንሲ ለመጠቀም ስቴፕ 3 ፈተናን ማለፍ ይጠይቃል። ሥራው ሲያልቅ እስከ 60 ቀን የመቆያ ጊዜ ሊኖር ይችላል፤ አይ-94 ላይ ያለው ቀን ከዚያ ቀድሞ ካለቀ ግን የሚቆጠረው እሱ ነው። በእነዚህ ቀናት ውስጥ አዲስ አሠሪ ማመልከቻ ማስገባት አለበት።

መስከረም 9 ቀን 2018 ደግሞ ከባድ ነገር መጣ። በፕሬዚዳንቱ አዋጅ፣ ከአሜሪካ ውጭ ላሉ ሰዎች በሚቀርብ አዲስ የኤች-1ቢ ማመልከቻ ላይ 100 ሺህ ዶላር ክፍያ ተጣለ። ልብ በሉ፦ «ውጭ ላሉ»። በክፍተቱ አገር ቤት የመጣና አዲስ ማመልከቻ የሚያስፈልገው ሐኪም እዚህ ሆኖ ሊጠየቅበት የሚችል ነገር ነው። የትኛው ሆስፒታል ነው ለአንድ ሬዚደንት ይህን ያህል የሚከፍለው?

ሁለቱ ዓመት፣ ካፋ እና የአሜሪካ ገጠር

ጄ-1 ላይ የሠለጠነ ሐኪም ሲጨርስ ወደ አገሩ ተመልሶ በድምሩ 2 ዓመት መኖር አለበት። ሥልጠናውን ሲጀምርም ከአገሩ ጤና ሚኒስቴር «ይህ ሙያ ያስፈልገናል» የሚል ደብዳቤ ያቀርባል፤ እሱም እመለሳለሁ ብሎ ይፈርማል።

ከዚህ ግዴታ ነፃ የሚያደርግ መንገድ አለ። ኮንራድ 30 ይባላል፤ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ያለ ነው። እያንዳንዱ የአሜሪካ ግዛት በዓመት እስከ 30 ሐኪሞችን ነፃ እንዲደረጉ ማቅረብ ይችላል። በምትኩ ሐኪሙ የሐኪም እጥረት ባለበት አካባቢ 3 ዓመት ሙሉ ጊዜውን ይሠራል። ነፃ ማድረጊያውን ባገኘ በ90 ቀን ውስጥም ሥራ መጀመር አለበት። እዚህም ሌላ ክፍተት አለ፤ ሥልጠናው ሰኔ ላይ አልቆ ወረቀቱ ከዘገየ በመሃል ሥራም ደሞዝም የለም።

እኔን የሚገርመኝ የነገሩ አወቃቀር ነው። የአሜሪካ ሕግ «ወይ አገርህ ግባ፣ ወይ የእኛ ገጠር ግባ» ይላል። ሐኪም የሌለበት ቦታ እንደሚጎዳ ገብቷቸዋል። እኛም ይገባናል። ከዴቻ ወይም ከጨና ወጥታ ቦንጋ ገብረጻድቅ ሻዎ ሆስፒታል የምትደርስ እናት ሰብ ስፔሻሊስት ካስፈለጋት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዛ ጅማ ነው የምትሄደው፤ ካልሆነም አዲስ አበባ። በኢትዮጵያ ለ10 ሺህ ሰው ያለው አንድ ሐኪም ገደማ ነው።

ይህን የምለው የሄደውን ለመውቀስ አይደለም። መውቀስ ቀላል ነው። ግን የሁለቱ ዓመት ግዴታ ቅጣት ብቻ መሆን የለበትም። የተመለሰ ስፔሻሊስት የሚሠራበት መሣሪያ፣ የሚያኖረው ደሞዝና የሚያስተምረው ተማሪ ካገኘ ሁለት ዓመቱ ለካፋ ትልቅ ነገር ነው። ለሁለት ዓመት የመጣ ሐኪም የሚያሠለጥናቸው ጠቅላላ ሐኪሞችና ነርሶች ከሄደም በኋላ እዚሁ ይቀራሉ።

ክፍተቱና ጤና

ሐኪምም ይታመማል። ሥልጠናው ሲያልቅ ደሞዝ ይቆማል፤ የሆስፒታሉ የጤና መድኅንም ሊቆም ይችላል። ስለዚህ፦

1. መድኅኑ በየትኛው ቀን እንደሚያልቅ በጽሑፍ ይጠየቅ። ጄ-1 ላይ ያለ ሰው ከነቤተሰቡ መድኅን እንዲኖረው ግዴታ ነው።

2. የስኳር፣ የግፊት፣ የአስም ወይም ሌላ ቋሚ መድኃኒት የሚወስድ ሰው መድኅኑ ከማለቁ በፊት ምርመራውን ጨርሶ መድኃኒቱን ይያዝ። እርጉዝ ሚስት ካለች ክትትሏ እንዳይቋረጥ አስቀድሞ ይታሰብበት።

3. እንቅልፍ ማጣት፣ ምግብ መዝጋት፣ ስልክ አለማንሳት፣ «ምንም አልጠቅምም» ማለት ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ ጭንቀት ብቻ ነው ብሎ ማለፍ አይገባም። ባለሙያ ማናገር ያስፈልጋል። ሞቱን የሚመኝ ከሆነ ደግሞ ለነገ አይባልም፤ ብቻውን እንዳይሆን አድርጎ ያኔውኑ እርዳታ መፈለግ ነው። አሜሪካ ውስጥ 988 ላይ ቢደወል በማንኛውም ሰዓት መልስ አለ።

እኛ ቦንጋ ያለነው ምን እናድርግ?

መጀመሪያ፣ «ሥራ ፈትተህ ለምን አትመጣም?» አንበለው። አለመምጣቱ ናፍቆት ስላጣ አይደለም። በተለይ ለቅሶ ላይ «እናቱን እንኳ አልቀበረም» የሚለው ቃል ሰው ይሰብራል። ቢመጣ የማይመለስበት ጊዜ እንዳለ ዕድርተኛውም ጎረቤቱም ይወቅ።

ሁለተኛ፣ ወረቀት እናግዘው። የጤና ሚኒስቴሩ ደብዳቤ ወደ አዲስ ሰብ ስፔሻሊቲ ሲገባም ይጠየቃል። ጉዳዩ የሚያልቀው አዲስ አበባ ስለሆነ ውክልናውን ቀደም ብሎ ይላክ፤ እኛም በመጨረሻው ሳምንት አንሩጥ። ፓስፖርቱ መቼ እንደሚያልቅም ዛሬውኑ ይታይ።

ሦስተኛ፣ ብር ላክ የሚለውን ጥያቄ በእነዚያ ወራት እንተወው። ካለን እንዲያውም እኛ «አይዞህ» እንበለው።

ለሐኪሞቹም አንድ ቃል፦ የሥልጠናችሁን ማብቂያና የቀጣዩን መጀመሪያ ቀን ዛሬውኑ ወረቀት ላይ ጻፉ። በመሃል አንድ ቀን እንኳ ክፍተት ካለ ከስድስት ወር በፊት ቲፒኤላችሁንና የኢሚግሬሽን ጠበቃ አናግሩ። ደንቡ በየጊዜው ይለዋወጣል፤ ዓምና ለጓደኛ የሠራው ዘንድሮ ላይሠራ ይችላል። ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ጠይቁ።

አሜሪካ የሚሠለጥን ሐኪም ያለው ቤተሰብ ካወቃችሁ ይህን ሼር አድርጉለት። ጥያቄ ካላችሁ ኮሜንት ላይ አስቀምጡ፤ የግል መረጃችሁን ግን በአደባባይ አትጻፉ።

ጤና ይብዛላችሁ!