የቢጫው ጀሪካን ምሥጢር

የሰው ልጅ በየዕለቱ በእጁ የሚይዘው ዕቃ ከምን እንደ ተሠራ ብዙ ጊዜ አይጠይቅም። ዕቃው እስካገለገለው ድረስ ይገለገልበታል፤ ሲሰበርም ይጥለዋል። ዳሩ ግን በየቤታችን ከሚገኙት ተራ ዕቃዎች መካከል፣ ታላላቅ ሊቃውንት ዕድሜያቸውን የፈጁባቸው አሉ። እኛም በዛሬው የቤተሰብ ገጻችን ከእነዚህ ስለ አንዱ፣ ይኸውም ስለ ቢጫው የውኃ ጀሪካን፣ ለአንባቢዎቻችን ጥቂት ለማጫወት አሰብን። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመኖች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ውኃና ዕቃው

በጅቡቲ ከተማ፣ በባልባላ በኩል፣ ሆዳን የሚባል ሠፈር አለ። በዚያ አገር ዝናብ ጥቂት ነው፤ በሞቃቶቹ ወራትም ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይወጣል። ስለዚህ ውኃ ከሁሉ የከበረ ሀብት ነው። በ2017 ከኢትዮጵያ፣ ከሶማሌ ክልል፣ በቧንቧ የተሳበ ውኃ ጅቡቲ ደርሷል። ይሁን እንጂ ለክፉ ቀን ውኃ ሞልቶ የሚያስቀምጥ ቤተሰብ ከጀሪካን አልተለየም።

አያቶቻችን በደጋው አገር ውኃን በእንስራና በቅል ይቀዱ ነበር። በቆላው የሚኖሩ አፋሮችና ሶማሌዎች ደግሞ ከፍየል ቆዳ በተበጀ ስልቻ ይዘው በረሃውን ያቋርጡ ነበር። እንግዲህ የሚያስደንቀው ነገር፣ የፍየሉ ቆዳና ቢጫው ጀሪካን በውስጣዊ አሠራራቸው ዘመዳሞች መሆናቸው ነው። ሁለቱም፣ እንዲሁም የምንለብሰው ጥጥ፣ የመኪናው ጎማና በእህል ውስጥ ያለው ስታርች፣ ሊቃውንት ፖሊመር ከሚሏቸው ነገሮች ወገን ናቸው። ቃሉ የግሪክ ሲሆን፣ ትርጓሜው ብዙ ክፍል ያለው ማለት ነው።

ስለ ረጅሙ ሰንሰለት የተነሣ ክርክር

እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ አብዛኞቹ የኬሚስትሪ ሊቃውንት ጎማንና ጥጥን የመሳሰሉት ነገሮች ከብዙ ትንንሽ ሞለኪውሎች ክምችት የተሠሩ ይመስሏቸው ነበር። በ1920 ግን በዙሪክ ያስተምሩ የነበሩት ጀርመናዊው ፕሮፌሰር ሄርማን ሽታውዲንገር ከዚህ የተለየ ሐሳብ አወጡ። እርሳቸው እንዳሉት፣ ትንንሾቹ ሞለኪውሎች እንዲሁ የተከማቹ ሳይሆኑ፣ እንደ ሰንሰለት ቀለበት አንዱ ከሌላው ጋር አጥብቆ ተያይዞ፣ በሺህ የሚቆጠሩት አንድ ረጅም ሞለኪውል ይሆናሉ።

ነገሩ በቃል ብቻ አልቀረም። ፕሮፌሰሩ በላቦራቶሪያቸው ጎማን ከሃይድሮጂን ጋር አዋሐዱ። ጎማ የትንንሽ ሞለኪውሎች ክምችት ቢሆን ኖሮ፣ በመካከላቸው አለ ይባል የነበረው መሳሳብ በሃይድሮጂኑ ተወግዶ ክምችቱ በተበተነ፣ የተበተነውም እንደ ተራ ፈሳሽ ሊጣራ በተቻለ ነበር። ነገር ግን አልተበተነም፤ የጎማነት ጠባዩ እንዳለ ቀረ። በ1922 ለእንዲህ ያለው ነገር ማክሮሞለኪውል፣ ማለትም ታላቅ ሞለኪውል፣ የሚል ስም ሰጡት።

ሆኖም ብዙዎቹ ባልደረቦቻቸው አላመኑም። በጉባኤ ላይ ተቃወሟቸው፤ ሐሳቡን እንዲተዉ የመከሯቸውም ነበሩ። እርሳቸው ግን ሥራቸውን አላቋረጡም። ሰንሰለቱ በረዘመ ቁጥር የሟሟበት ፈሳሽ እየወፈረ እንደሚሄድ ፈትነው አሳዩ። በመጨረሻም በ1953፣ በ72 ዓመታቸው፣ የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። ከመጀመሪያው ጽሑፋቸው እስከ ሽልማቱ ድረስ 33 ዓመት አልፏል።

ከባዘቶ እስከ ፈትል

በዚያው ክርክር ዘመን፣ በ1928፣ ዋላስ ካሮዘርስ የተባሉ ወጣት አሜሪካዊ ሊቅ በዱፖን ኩባንያ ላቦራቶሪ ሥራ ጀመሩ። የእርሳቸው መንገድ፣ ጠባያቸው የታወቀ ትንንሽ ሞለኪውሎችን አንድ በአንድ እያያዙ ሰንሰለቱን ራሳቸው መሥራት ነበር። ቀለበቶቹ ሲያያዙ ጥቂት ውኃ ይወጣል፤ ይህም ውኃ ከዕቃው ውስጥ ካልተወገደ ሰንሰለቱ ከተወሰነ መጠን በላይ አይረዝምም። ስለዚህ ውኃውን እየሳበ የሚያስወጣ ልዩ መሣሪያ ሠሩ፤ ሰንሰለቱም ረዘመ።

በ1930 ባልደረባቸው ጁልየን ሂል ከቀለጠው ፖሊመር በብርጭቆ ዘንግ ጫፍ ጥቂት አንሥተው ቢስቡት እንደ ክር ተመዘዘ። ከቀዘቀዘም በኋላ እንደ ገና ሲጎትቱት፣ በመበጠስ ፈንታ ቀጠነ፤ ጥንካሬውም ጨመረ። ይህን ነገር እናቶቻችን ከሊቃውንቱ በፊት በእንዝርታቸው ያውቁታል። ባዘቶ በጣት ሲጎተት በቀላሉ ይለያያል፤ ቃጫው ተስቦና ተከርሮ ፈትል ሲሆን ግን ይጠነክራል። በፖሊመሩም ውስጥ የተዘበራረቁት ሰንሰለቶች ሲጎተቱ በአንድ አቅጣጫ ይሰለፋሉ፤ ኀይላቸውም ይተባበራል።

ከዚህ ጥናት በ1935 ናይሎን ተገኘ። የናይሎን የእግር ሹራብ በ1940 በአሜሪካ ገበያ ሲወጣ ሴቶች ተሻሙበት። ካሮዘርስ ግን ይህን አላዩም፤ በ1937 በ41 ዓመታቸው አርፈው ነበር።

በእሑድ ማግሥት የተገኘው ነጭ ሰም

የጀሪካኑ ታሪክ የሚጀምረው በእንግሊዝ አገር ነው። በማርች ወር 1933፣ ኤሪክ ፎሴትና ሬጂናልድ ጊብሰን የተባሉ ሁለት ኬሚስቶች በአይ ሲ አይ ኩባንያ የዊኒንግተን ላቦራቶሪ፣ ኤቲሊን የሚባለውን ጋዝ ከሌላ ነገር ጋር በብርቱ ግፊት ለማዋሐድ ሞከሩ። ግፊቱ ከምንተነፍሰው አየር ግፊት ከሺህ ጊዜ በላይ የበለጠ ነበር። ዓርብ የጀመሩትን ሥራ ሰኞ ሲከፍቱት፣ የጠበቁት ውሕደት አልሆነም። በዚያ ፈንታ ሰም የመሰለ ጥቂት ነጭ ነገር አገኙ። ይህም ፖሊኤቲሊን ነው።

ሙከራው ሲደገም ግን ፈነዳና ሥራው ለጊዜው ተቋረጠ። በ1935 መጨረሻ እንደ ገና ሲጀመር፣ ሰንሰለቱን የሚያስጀምረው በአጋጣሚ የገባ ጥቂት ኦክሲጅን መሆኑ ታወቀ። ከመጠን ያለፈ ኦክሲጅን ፍንዳታ ያመጣል፤ ከጠፋም ሰንሰለቱ አይጀመርም።

ይህ የመጀመሪያው ፖሊኤቲሊን ለስላሳ ነበር፤ ሰንሰለቱ እንደ ግራር ቅርንጫፍ ያወጣልና። የግራር ጭራሮ ሸክም ምንም ቢያስሩት በመካከሉ ክፍት ቦታ ይቀራል። በ1953 በጀርመን አገር በሙልሃይም ከተማ ፕሮፌሰር ካርል ሲግለርና ባልደረቦቻቸው፣ ቲታንየምና አሉሚንየም ባሉባቸው ውሑዶች አማካይነት ኤቲሊንን ያለ ብርቱ ግፊት አያያዙት። የተገኘው ሰንሰለት እንደ ሸምበቆ ቀጥ ያለ ነበር። ሸምበቆ በነዶ ሲታሰር ጥቅጥቅ እንደሚል፣ ይህም ፖሊኤቲሊን ጠንካራ ሆነ። የዛሬው ጀሪካን የሚሠራው ከዚህ ነው። ሲግለርም በ1963 ከጣልያናዊው ጁልዮ ናታ ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ለቤተሰብ የሚጠቅም

ይህን ማወቅ ለሆዳንም ሆነ ለአዲስ አበባ ቤተሰብ ምን ይረባል? ብዙ ይረባል።

አንደኛ፣ ጀሪካኑ ከምን እንደ ተሠራ በታቹ ይመልከቱ። በሦስት ማዕዘን ውስጥ 2 ቁጥር ካለ፣ ጠንካራው ፖሊኤቲሊን ነው።

ሁለተኛ፣ ላምባ፣ ቤንዚን ወይም የተባይ መድኃኒት የነበረበትን ጀሪካን ለመጠጥ ውኃ ፈጽሞ አይጠቀሙበት። ላምባና ቤንዚን ከፖሊኤቲሊን ጋር በጠባይ ስለሚቀራረቡ በሰንሰለቶቹ መካከል ሰርገው ይገባሉ። በሳሙና የሚታጠበው ገጹ እንጂ ውስጡ አይደለም፤ ሽታው የማይለቀውም ስለዚህ ነው።

ሦስተኛ፣ ጀሪካኑን በጥላ ያኑሩት። የፀሐይ ጨረር ከአየሩ ኦክሲጅን ጋር ሆኖ ሰንሰለቱን ይበጣጥሰዋል፤ ያን ጊዜ ፕላስቲኩ ቀለሙ ይደበዝዛል፤ ይደርቃል፤ በመጨረሻም ይሰነጠቃል። በደጅ የሚዘረጉ የውኃ ቧንቧዎች ብዙ ጊዜ ጥቁር የሆኑት፣ ጨረሩን እንዲውጥ ጥላሸት ስለሚጨመርባቸው ነው።

አራተኛ፣ የፈላ ውኃ ሳይቀዘቅዝ አይጨምሩበት። ፖሊኤቲሊኑ በ130 ዲግሪ ገደማ ስለሚቀልጥ፣ በፈላ ውኃ ባይቀልጥም ይለሰልሳል፤ ቅርጹም ይበላሻል።

ከዚህ ሌላ አንድ ነገር ሳናነሣ ብናልፍ ጽሑፋችን ጎዶሎ ይሆናል። ሰንሰለቱን ጠንካራ ያደረገው ጠባይ፣ ሲጣል እንዳይበሰብስም አድርጎታል። የፍየል ቆዳ ስልቻ ቢጣል አፈር ይሆናል፤ ፌስታል ግን ለብዙ ዘመን ይቆያል፤ ፍየል ስትበላውም በሆዷ ውስጥ ሳይፈጭ ይቀራል። ኢትዮጵያ በ2007 ባወጣችው አዋጅ ቁጥር 513/1999፣ ውፍረታቸው 0.03 ሚሊሜትርና ከዚያ በታች የሆኑ፣ የማይበሰብሱ የፕላስቲክ ከረጢቶችን መሥራትንና ማስገባትን የከለከለችው እንዲህ ያለውን ጉዳት በማሰብ ነው።

ሊቃውንቱ ቀለበቱን ከቀለበት ጋር ለማያያዝ ብዙ ደክመዋል። የተያያዘውን በአግባቡ መያዝ ደግሞ የእኛ የባለቤቶቹ ድርሻ ነው። ጀሪካኑን በጥላ የምታኖር እናት፣ ያረጀውንም በየሜዳው የማይጥል አባት፣ የልጆቻቸውን ውኃና የአገራቸውን መሬት ጠብቀዋልና ሊመሰገኑ ይገባቸዋል።