ደመወዜ፣ እናቴና መካነ ሰላም

በ2010 ዓ.ም. በአዋላጅ ነርስነት ተመርቄ እጣ ሳወጣ ደቡብ ወሎ፣ ቦረና ወረዳ፣ መካነ ሰላም ደረሰኝ። አዲስ አበባ ያለችው እናቴ "ልጄን ለጅብ ሰጠኋት" ብላ አለቀሰች። መንገዱም ቢሆን አያስቅም። ከደሴ ተነስታችሁ፣ የጉጉፍቱን ብርድ ቀምሳችሁ፣ አቀስታን አልፋችሁ ስትደርሱ ወገባችሁ የእናንተ አይደለም።

የከበደኝ ግን ብርዱ አልነበረም። ደመወዝ በወጣ ቁጥር ስልኩ ይጮሃል። የወንድሜ ትምህርት ቤት፣ እድሩ፣ የዘመድ ሠርጉ... እኔም እኮ የቤት ኪራይና ሽሮ አለብኝ! ግብሩና ጡረታው ተቆርጦ የሚደርሰኝን ከነወጪዬ ወረቀት ላይ ጽፌ ላክሁላት። ተቀየመች፤ ሁለት ሳምንት አልደወለችም። ያም ሆኖ ሩቅ የተመደባችሁ ልጆች፣ ቁርጡን ለቤተሰብ ንገሩ። መኳረፉ ያልፋል፣ እዳ ግን አብሮ ያድራል።

ብቸኝነቱንማ አከራዬ አስረሱኝ። እሳቸው ሙስሊም፣ እኔ ክርስቲያን። አቦሉ ሲቀዳ ዱአ ያደርጋሉ፣ እኔ "አሜን" እላለሁ። በእረፍት ቀን ደግሞ ከመሥሪያ ቤት ልጆች ጋር ደንቆሮ ጫካ ወጣን። (ስሙን አትዩ!) ጭላዳው እንደ ወይዘሮ ቁጭ ብሎ ሣር ይነጫል። ከኢትዮጵያ በቀር የትም የሌለው ቀይ ቀበሮም እዚያው ይኖራል፤ ለእኛ ግን ብቅ አላለም።

በ2011 ዓ.ም. ለፋሲካ እናቴ ልትወስደኝ መጣች። አከራዬ ውሃ አሙቀው እግሯን አሳጠቧት፤ አራት ቀን ሙሉ ቡና ሲጠጡ ከረሙ። መኪና ልትሳፈር ስትል ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብላ ምን ብትላቸው ጥሩ ነው?

"አደራዎትን እትዬ፣ ደህና የአገሩ ልጅ ካለ ይንገሩኝ።"