ጋፋት ላይ ብትቆፍሩ ትሪሎባይት አታገኙም! ግን ለምን?

ጋፋት ስትነሳ የሁላችንም ሐሳብ ወደ ሴባስቶፖል ነው የሚሄደው። ከደብረ ታቦር ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ የምትገኘው ይህች መንደር እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ አፄ ቴዎድሮስ የውጭ አገር ሚሲዮናውያንን ከአገሬው ሠራተኞች ጋር አሰባስበው መድፍ ያሠሩባት ቦታ ነች። መድፍ የማቅለጡ ሥራ በአጭሩ ሲነገር እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ የመድፉ ቅርጽ ያለው ባዶ ቦታ ይዘጋጃል፣ ከዚያ የቀለጠ ብረታ ብረት ይፈስበታል፣ ሲቀዘቅዝ ቅርጹን ይዞ ይወጣል።

ተፈጥሮም ይህችን ሙያ ታውቅበታለች። አንድ የባሕር እንስሳ ይሞትና ጭቃ ይሸፍነዋል። ጭቃው ቀስ በቀስ ድንጋይ ይሆናል። አካሉ ሟሙቶ ሲጠፋ ቅርጹ ብቻ ባዶ ሆኖ ይቀራል። በኋላ ያ ባዶ ቦታ በሌላ ማዕድን ይሞላል። ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በኋላ ድንጋዩ ሲሰነጠቅ እንስሳው እስከ ዓይኑ ድረስ ተቀርጾ ይገኛል። ቅሪተ አካል ከሚፈጠርባቸው መንገዶች አንዱ ይሄ ነው።

በዓለም ላይ በጣም ከሚታወቁት ቅሪተ አካሎች አንዱ ትሪሎባይት ይባላል። ዛሬ የምናወራው ስለ እሱ ነው። የምንነሳው ደግሞ ከአንዲት ቀላል ጥያቄ ነው፦ ጋፋት ላይ ብንቆፍር ትሪሎባይት እናገኛለን? አናገኝም። ምክንያቱን ስታውቁ ግን መንገድ ዳር ያለውን ድንጋይ ሁሉ በሌላ ዓይን ታዩታላችሁ።

ትሪሎባይት ምንድን ነው?

ንብ፣ አንበጣ፣ ሸረሪት፣ ጊንጥ፣ ሸርጣን፣ መዥገር፣ ቁንጫ። እነዚህ ሁሉ ዘመዳሞች ናቸው ቢባል ታምናላችሁ? ናቸው። አርትሮፖድ የሚባለው ትልቅ ቤተሰብ አባላት ናቸው። ሦስት ነገር ያመሳስላቸዋል፤ አጥንታቸው ውስጥ ሳይሆን ውጭ ነው (ጠንካራ ቅርፊት)፣ አካላቸው በየክፍሉ የተከፋፈለ ነው፣ እግራቸው ደግሞ መገጣጠሚያ አለው። ሳይንስ ስም ከሰጣቸው የእንስሳት ዝርያዎች አብዛኞቹ የዚህ ቤተሰብ አባላት ናቸው።

ትሪሎባይት ከዚህ ቤተሰብ ቀደምት አባላት አንዱ ነው። ባሕር ውስጥ ነበር የሚኖረው። ስሙ «ባለ ሦስት ክፍል» እንደማለት ነው፤ ጀርባውን ከላይ ስታዩት መሐሉ ላይ አንድ ጉብታ፣ ግራና ቀኙ ደግሞ አንዳንድ ክንፍ መሳይ ክፍል አለው። አብዛኞቹ ከጣት የማይበልጡ ነበሩ። ካናዳ ውስጥ የተገኘው ትልቁ ግን 72 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል።

አሁን ዕድሜያቸውን ስሙ። የመጀመሪያዎቹ የትሪሎባይት ቅሪተ አካሎች ወደ 521 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋሉ። የመጨረሻዎቹ የጠፉት ከ252 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው። በመሐሉ 270 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ኖረዋል። ሉሲ (ድንቅነሽ) የኖረችው ከ3.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው አይደል? ከእሷ እስከ ዛሬ ያለውን ጊዜ 80 ጊዜ ብትደጋግሙት እንኳ ትሪሎባይቶች የኖሩትን አይሞላም። እስካሁን ከ20,000 በላይ ዝርያዎቻቸው ተለይተዋል።

ለምን በብዛት ይገኛሉ?

ሁለት ምክንያት አለ። አንደኛ፣ ቅርፊታቸው ካልሳይት ከሚባል ማዕድን የተሠራ ነው። ካልሳይት የኖራ ድንጋይ ዋና ማዕድን ነው። በአጭሩ በሕይወት እያሉም ግማሽ ድንጋይ ለብሰው ነበር የሚሄዱት!

ሁለተኛ፣ ቅርፊት አብሮ አያድግም። ስለዚህ እባብ ቆዳውን እንደሚገፍ ሁሉ ትሪሎባይትም ሲያድግ አሮጌውን ቅርፊት እየጣለ አዲስ ያወጣ ነበር። አንድ ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ የጣላቸውን ጫማዎች ሁሉ አስቡ፤ ሰውየው አንድ ነው፣ ጫማው ግን ብዙ ነው። ከምናገኛቸው የትሪሎባይት ቅሪተ አካሎች ብዙዎቹ ሬሳ አይደሉም፤ የተጣለ ልብስ ናቸው።

እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በብዛት ስለተገኙ ብቻ «አርትሮፖድ የተጀመረው ከትሪሎባይት ነው» ማለት አይቻልም። ለስላሳ አካል የነበራቸው ዘመዶቻቸው ሲሞቱ በስብሰው ጠፍተዋል። ቻይና ውስጥ ቼንግጂያንግ (518 ሚሊዮን ዓመት) እና ካናዳ ውስጥ በርጀስ (508 ሚሊዮን ዓመት) በሚባሉ ቦታዎች ግን በአጋጣሚ ለስላሳ አካል ሳይቀር ተጠብቋል። እዚያ ሲታይ ትሪሎባይት ከብዙ ዓይነት አርትሮፖዶች መሐል አንዱ ብቻ ነው። ከዚህም በላይ፣ ከመጀመሪያዎቹ የትሪሎባይት ቅርፊቶች በሚቀድም ድንጋይ ላይ እግር ያለው እንስሳ ጭቃ የጫረበት ዱካ ተገኝቷል። እግሩ መሬት ረግጧል፣ ባለቤቱ ግን ምንም አካል አልተወልንም።

ምን አስተማሩን?

ዓይን። የትሪሎባይት ዓይን እንደ ንብ ዓይን ከብዙ ጥቃቅን ዓይኖች የተገጣጠመ ነው። በብዙዎቹ ላይ ሌንሱ ራሱ ካልሳይት ነው፤ በድንጋይ ነበር የሚያዩት። እ.ኤ.አ. በ2017 ተመራማሪዎች ኤስቶኒያ ውስጥ የተገኘ፣ ከ500 ሚሊዮን ዓመት በላይ የሆነውን የትሪሎባይት ዓይን ውስጡን ሲመረምሩ አሠራሩ በመሠረቱ ከዛሬዎቹ የንብ ዓይኖች ጋር እንደሚመሳሰል አይተዋል። ማለትም ዛሬ አደይ አበባ ላይ የምታርፈው ንብ የምታይበት ዓይን ዕቅዱ ከግማሽ ቢሊዮን ዓመት በፊት ወጥቶ ነበር።

እግር። ከጀርባው ቅርፊት ስር ያለው እግር ለስላሳ ስለሆነ እምብዛም አይገኝም። የተገኙት ጥቂቶች ግን እያንዳንዱ እግር ሁለት ቅርንጫፍ እንዳለው ያሳያሉ፤ የታችኛው ይራመዳል፣ የላይኛው ደግሞ እንደ ዓሣ ስንጥብ ውሃ ውስጥ ይተነፍሳል። ትልቁ ትምህርት ያለው እዚህ ጋ ነው። የትሪሎባይት እግሮች ከፊት እስከ ኋላ ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ናቸው። በኋላ በመጡት አርትሮፖዶች ላይ ግን ያው እግር በየቦታው ለየሥራው ተለወጠ። የጊንጥ መቆንጠጫ፣ የሸርጣን መቀስ፣ የጉንዳን መንጋጋ፣ የንብ የአበባ ዱቄት መሸከሚያ፣ የሁሉም መነሻ እግር ነው። ዝግመተ ለውጥ አዲስ ዕቃ ከምንም አይፈጥርም፤ ያለውን አጥፎ፣ አርዝሞ፣ አሳጥሮ ይጠቀማል።

አፍ። እ.ኤ.አ. በ2024 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ከአፍሪካ፣ ከሞሮኮ አትላስ ተራሮች ነው የመጣው። ከ500 ሚሊዮን ዓመት በፊት የፈነዳ እሳተ ገሞራ አመዱን ባሕር ውስጥ አራግፎ ትሪሎባይቶችን በሕይወት እንዳሉ ቀበራቸው። አመዱ ቶሎ ስለደነደነ ቅርጻቸው ሳይጨፈለቅ ቀረ። ተመራማሪዎቹ በኤክስሬይ ሲያዩአቸው አፋቸው ራሱ፣ ከአፋቸው አጠገብ ምግብ የሚገፉባቸው እግሮች ሳይቀሩ ወለል ብለው ታዩ።

ታዲያ ትሪሎባይት የንብና የጊንጥ ቅድመ አያት ነው? አይደለም። እንደ አጎት ቁጠሩት። ከዛፉ ግንድ አጠገብ የበቀለ ቅርንጫፍ ነው፤ ብዙ ለመለመ፣ ከዚያ ልጅ ሳይተካ ደረቀ። ከየትኛው የዛሬ ወገን ጋር ይበልጥ እንደሚቀራረብ ሳይንቲስቶች ዛሬም ይከራከራሉ።

ወደ ጋፋት እንመለስ

እሳተ ገሞራ ትሪሎባይትን ሞሮኮ ላይ ጠብቆ ካቆየ፣ የእሳተ ገሞራ አገር የሆነው ደቡብ ጎንደርስ ምን ጎደለው?

መልሱ ጊዜ ነው። የሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ደጋ የተሸፈነበት ጥቁር ድንጋይ (ባዛልት) አብዛኛው የፈሰሰው ከ30 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ ነው። ከ4,000 ሜትር በላይ የሚረዝመው የጉና ተራራ ደግሞ ከዚያ በኋላ፣ ከ10 ሚሊዮን ዓመት ትንሽ ቀደም ብሎ የተገነባ እሳተ ገሞራ ነው። ይህ ድንጋይ ሲፈስ የመጨረሻው ትሪሎባይት ከሞተ ከ220 ሚሊዮን ዓመት በላይ አልፎታል። በዚያ ላይ ደግሞ የፈሰሰው ቀላጭ ድንጋይ ነው፤ ያገኘውን ያቃጥላል እንጂ እንደ አመድ ቀስ ብሎ አይሸፍንም።

ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በመኪና የሄዳችሁ ይህን የጊዜ ንብርብር በዓይናችሁ አይታችሁታል። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ስትወርዱ መጀመሪያ ጥቁሩን ባዛልት ታልፋላችሁ፣ ከዚያ የአሸዋ ድንጋይ፣ ከዚያ የኖራ ድንጋይ። የኖራው ድንጋይ አገሩ ባሕር በነበረበት በጁራሲክ ዘመን የተጠራቀመ ነው፤ የባሕር ቀንድ አውጣና የዛጎል ቅሪቶች አሉት። ያም ቢሆን ለትሪሎባይት ዘግይቷል። በትሪሎባይት ዘመን የተጠራቀመ ድንጋይ ከፈለጋችሁ ወደ ሰሜን፣ ወደ ትግራይ መሄድ ይኖርባችኋል። እንትጮ በሚባለው የአሸዋ ድንጋይ ውስጥ በዚያ ዘመን የነበሩ የባሕር እንስሳት ደለል የቆፈሩበት ዱካ አለ።

አንድ የሚያስገርም ነገር እንጨምር። ትሪሎባይቶች የጠፉበት ያ ከ252 ሚሊዮን ዓመት በፊት የደረሰ እልቂት ዋና መንስኤ ሳይቤሪያ ውስጥ የፈሰሰ ግዙፍ የባዛልት ጎርፍ እንደሆነ ይታመናል። የጋፋትን መሬት የሠራው ዓይነት እሳት ማለት ነው፤ የሳይቤሪያው ግን እጅግ ይበልጣል።

የአማራ ክልል የራሱ አርትሮፖዶች

ትሪሎባይት የለንም ማለት ባዶ እጃችንን ነን ማለት አይደለም። ሰሜን ሸዋ፣ ዓለም ከተማ አካባቢ በወንጪት ሸለቆ አምበር ተገኝቷል። አምበር ማለት ከጥንት ዛፍ ፈስሶ የደነደነ ሙጫ ነው። ውስጡ ጉንዳን፣ ሸረሪትና ሌሎች ጥቃቅን አርትሮፖዶች እንዳሉ ተጣብቀው ቀርተዋል።

እ.ኤ.አ. በ2010 ጥናቱ ሲወጣ ዕድሜው 95 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው ተባለ። በዓለም ላይ ወሬው ትልቅ ነበር፤ ከጥንታዊዎቹ ጉንዳኖች አንዱ ኢትዮጵያ ውስጥ ተገኘ ማለት ነበርና። ከዓመታት በኋላ ግን ሌሎች ተመራማሪዎች ጥርጣሬ አነሱ። ውስጡ ያለ አንድ ጉንዳን ዛሬም አፍሪካ ውስጥ ከሚኖር ወገን ነው፤ የሙጫው ኬሚስትሪም ለ95 ሚሊዮን ዓመት በጣም ወጣት ነው። አሁን የሚሰጠው ዕድሜ ከ16 እስከ 23 ሚሊዮን ዓመት ነው።

ጉንዳኑ ያው ጉንዳን ነው። የሚነግረን ታሪክ ግን ዕድሜው ሲቀየር ሙሉ በሙሉ ተቀየረ። ቅሪተ አካል ከየትኛው ንብርብር እንደወጣ በትክክል ካልታወቀ ግማሽ አፉ ተዘጋ ማለት ነው።

ይሄ እኛን ምን ያገባናል?

በጣም ያገባናል። ሞሮኮ ውስጥ የትሪሎባይት ሽያጭ ትልቅ ንግድ ነው፤ ተቀጣጥሎ የተሠራ ሐሰተኛም ገበያ ላይ ሞልቷል። እውነተኛው እንኳ ከየት ቦታ እንደወጣ ካልተመዘገበ ለጌጥ እንጂ ለሳይንስ ብዙም አይጠቅምም። በተቃራኒው ቼክ ሪፐብሊክ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1908 የተገኘ አንድ ትሪሎባይት ሙዚየም ውስጥ በሥርዓቱ ተቀምጦ ስለቆየ፣ ከመቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ በ2023 የወጣ ጥናት ሆዱ ውስጥ የነበረውን የመጨረሻ ምግቡን ሊያሳይ ችሏል። የዛጎል ስብርባሪ ነበር የበላው።

እኛ አገር አዋጅ ቁጥር 209/1992 ማንም ሰው መንገድ ሲሠራ፣ ቤት ሲገነባ ወይም በሌላ አጋጣሚ ቅርስ ካገኘ ወዲያውኑ እንዲያሳውቅና እስኪረከቡት ድረስ ሳይነካካ እንዲጠብቅ ያዛል። ስለዚህ በቁፋሮ፣ በወንዝ ዳር ወይም ጎርፍ በሸረሸረው ገደል ላይ እንግዳ ቅርጽ ያለው ድንጋይ ካያችሁ፦

አትንቀሉት፣ አትጠቡት፣ አትስበሩት።

ባለበት ፎቶ አንሱት። መጠኑ እንዲታወቅ አጠገቡ ሳንቲም ወይም እስክሪብቶ አድርጉ።

ከዚያ ራቅ ብላችሁ የገደሉን ንብርብር ጭምር አንሱ፤ ዕድሜውን የሚናገረው እሱ ነው።

የስልካችሁን ሎኬሽን አብርታችሁ ቦታውን መዝግቡ።

ለወረዳችሁ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ወይም ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን አሳውቁ። ትክክለኛውን ቦታ ግን ሶሻል ሚዲያ ላይ አትለጥፉ፤ ከባለሙያው ቀድሞ ነጋዴው ሊደርስ ይችላል።

የጋፋት መድፍ ማን እንዳሠራው፣ የት እንደተሠራ፣ መቼ እንደተሠራ ስለምናውቅ ነው ታሪክ የሆነው። እነዚህ ባይታወቁ ኖሮ ከባድ ብረት ብቻ በሆነ ነበር። ድንጋይም እንደዚያው ነው።