ከስታፍ እንዳትወጣ፦ የመሣሪያው ሳጥን ነገር

ቀረብ በሉ፤ ይቺ በእኔና በእናንተ መካከል ትቅር።

አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት 7ኛና 8ኛ ክፍልን «መካከለኛ ደረጃ» ብሎ ለይቶ የሙያና ቴክኒክ ትምህርት ሲጨምርላቸው፣ ልጁ 9ኛ ክፍል ሳይገባ እጁ ወደ ምን እንደሚያደላ እንዲያውቅ ነው። ማን ያስተምረው የሚለው ግን መስከረም ላይ ምክትል ርእሰ መምህሩ ቢሮ ውስጥ ነው የሚወሰነው። ክፍለ ጊዜ የጎደለው መምህር ይፈለጋል። ዘንድሮ እኔ ነበርኩ፤ የተመረቅኩት በጂኦግራፊ ነው።

መሣሪያ የለም ሲባል ትሰማላችሁ። እኛ ጋ አለ። ፒንሳ፣ ካቻቪቴ፣ ቴስተር፣ መጋዝ፣ ሳጥን ሙሉ። ችግሩ ከንብረት ክፍል በሞዴል 22 ፈርሜ ያወጣሁት እኔ መሆኔ ነው፤ አንዲት ፒንሳ ብትጠፋ ከደመወዜ ትቆረጣለች። 50 ልጅ በታጨቀበት ክፍል ያንን ሳጥን የሚከፍት ጀግና ካለ አምጡልኝ። ስለዚህ ፒንሳን በጠመኔ እስላለሁ፣ ልጆቹ ይገለብጣሉ። ሱፐርቫይዘር ሲመጣ መሣሪያው ጠረጴዛ ላይ ይደረደራል፤ ከበር ሲወጣ ይቆለፋል።

አንድ ቀን ግን ኅሊናዬ አላስችል አለኝና ከቤት የተበላሸ የኤሌክትሪክ ምድጃ ይዤ ሄድኩ። ሳጥኑንም ከፈትኩ። ድምጿን ሰምቼ የማላውቅ አንዲት ልጅ ተነሥታ ካቻቪቴውን ተቀበለችኝና ስፒናውን ፈታችው። የአንዱ ሽቦ ጫፍ ተቃጥሎ ጠቁሯል። ቆረጠችው፣ ላጠችው፣ ጠመዘዘችው፣ ብሎኑን አጠበቀች። ስንሰካው ሬዚስታንሱ ፍም መሰለ። ክፍሉ በፉጨት ተናወጠ።

«የት ተማርሽው?» አልኳት።

ጠጋ ብላ፣ «አባቴ ኤሌክትሪሺያን ነው፣ ቲቸር። ለልጆቹ እንዳይነግሩብኝ።»

አፄ ምኒልክ የእጅ ባለሙያን መስደብ በአዋጅ የከለከሉት በ1900 ዓ.ም. ነበር። አዋጁ እኛ ሰፈር ገና አልደረሰም መሰለኝ። «ስታድጉ ምን መሆን ትፈልጋላችሁ?» ብዬ በወረቀት ያስጻፍኳቸው ጊዜ ይህችው ልጅ «ዶክተር» ብላ ነበር የጻፈችው። ከጎኗ ያለውም፣ ከኋላዋ ያለውም እንደዚያው።

በነገራችን ላይ፣ የዚያን ቀን ሳጥኑን ስቆጥር አንድም ዕቃ አልጎደለም።

እንግዲህ እናንተ ወላጆች፣ በሚቀጥለው ስብሰባ ስለ ውጤትና ስለ ዩኒፎርም ተነጋግራችሁ ስታበቁ፣ «የሙያው ሳጥን የታለ?» በሉ። በትምህርት ላይ እያለ ለተሰበረና ለጠፋ ዕቃ መምህሩ እንዳይከፍል ቃለ ጉባኤ ላይ አስጽፉልን። ከእኔ ሰማን ግን አትበሉ።