ልብ ታክሞ ብሽሽት እንዳይዘነጋ

የመጀመሪያ ሕክምና እርዳታ ትምህርት የወሰደ ወታደር ሁሉ የሚደማ ቁስል ከሁሉ አስቀድሞ በእጅ መጫን እንዳለበት ያውቃል። ይህ የጦር ሜዳ ትምህርት እጅግ በረቀቀው የልብ ሕክምና ክፍልም እንደሚሠራበት ስንገልጽ ውድ አንባቢዎቻችን ይደነቁ ይሆናል።

ፈረንሳዊው ሐኪም ሚሼል አይሳጌርና የቦርዶ ከተማ ባልደረቦቻቸው በ1998 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የተባለውን የልብ ምት መዛባት የሚቀሰቅሰው የኤሌክትሪክ ብልጭታ በአብዛኛው ከሳንባ ወደ ልብ ደም ከሚመልሱት ሥሮች እንደሚነሣ አሳዩ። ዛሬ ሐኪሞች ደረት ሳይከፍቱ፣ በብሽሽት ደም መልስ ሥር ቀጭን ቱቦ አስገብተው እስከ ልብ በማድረስ የብልጭታውን መንገድ ይዘጋሉ።

ታዲያ ቱቦው ሲወጣ ቀዳዳው ይቀራል። ቱቦው በልብ ውስጥ ሳለ ደም ረግቶ ወደ አንጎል እንዳይሄድ ሄፓሪን ይሰጣል፤ ከሕክምናውም በኋላ ታካሚው ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት ቢያንስ ለ2 ወራት ይወስዳል። እንግዲህ ደሙ በልብ ውስጥ እንዳይረጋ፣ በብሽሽት ቀዳዳ ላይ ግን እንዲረጋ ይፈለጋል ማለት ነው። የሐኪሞቹ ጥበብ የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው።

የደም መልስ ግፊት ከደም ቅዳ ያነሰ በመሆኑ፣ በእጅ አጥብቆ መጫንና ለ4 እስከ 6 ሰዓት እግርን ዘርግቶ መተኛት የቆየው ዘዴ ነው። የሄፓሪንን ኃይል የሚያከሽፍ ፕሮታሚን የተባለ መድኃኒትም አለ። ሌላው ዘዴ ቆዳውን ከሥሩ በላይ ሰብስቦ የሚይዝ የ8 ቁጥር ቅርጽ ያለው ስፌት ሲሆን፣ ቆይቶ ይፈታል። ቀዳዳውን ከውጭ በኩል በኮላጅን የሚደፍን መሣሪያም ተሠርቷል። በ2020 እ.ኤ.አ. በታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ በዚህ መሣሪያ የታከሙት በ3 ሰዓት ገደማ ተነሥተው ሲራመዱ፣ በእጅ የተጫነላቸው 6 ሰዓት ያህል ፈጅቶባቸዋል።

ሆኖም ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታልና፣ ከሆስፒታል የተመለሰ ታካሚ ያለበት ቤተሰብ የሚከተለውን ልብ ይበል። ታካሚው ለአንድ ሳምንት ያህል ከባድ ዕቃ አያንሣ፤ ሲያስልና ሲያስነጥስ ብሽሽቱን በመዳፉ ይደግፍ። ትንሽ መበለዝ የተለመደ ነው። ደም ቢፈስ ግን ታካሚውን አስተኝቶ፣ በንጹሕ ጨርቅ ቦታውን ለ10 ደቂቃ ሳይለቁ መጫን ይገባል፤ በየደቂቃው እያነሡ ማየት የረጋውን ደም መልሶ ይከፍተዋል። ደሙ በኃይል ከፈሰሰ ወይም በ10 ደቂቃ ካልቆመ፣ እየጫኑ ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል መውሰድ ነው። እያደገ የሚሄድ ወይም የሚመታ እብጠት፣ የእግር መቀዝቀዝና መደንዘዝም እንዲሁ ወደ ሐኪም ያስኬዳል።

ከሁሉም በላይ ደም አየን ብሎ በድንጋጤ መድኃኒቱን በራስ ፈቃድ ማቋረጥ አይገባም። የብሽሽቱን ደም ለማቆም የተደረገው ነገር በልብ ውስጥ ደም አርግቶ ስትሮክ ሊያስከትል ይችላልና፣ ይህን የሚወስነው ሐኪሙ ብቻ ነው። የቤተሰቡ ድርሻ እጁን በቦታው አጽንቶ መያዝ ነው።