ሠራተኛን የሚያሳቅቅ መሥሪያ ቤት የገባ ወጣት ምን ያድርግ?

በመምህርነት ሳለን ያስተማርናቸው ልጆች ዛሬ በባንክ፣ በአስመጪ ድርጅትና በሆቴል ተቀጥረው ይሠራሉ። ሲያገኙን ከደመወዝ ማነስ ይልቅ ደጋግመው የሚያነሱልን ሌላ ነገር ነው፦ በስብሰባ መሃል የሚሳደብ አለቃ፣ እኩለ ሌሊት በቴሌግራም የሚመጣ ትእዛዝ፣ «ካልተመቸህ በሩ ክፍት ነው» የሚል ዛቻ። ብዙዎቹ ቤተሰብ የሚረዱ ስለሆኑ ዝም ይላሉ። ጉዳዩን ከሕጉም ከእምነታችንም አንጻር እንየው።

በመጀመሪያ ጥብቅነትንና ማዋረድን እንለይ። ስህተታችንን አሳይቶ እንድናርም ቀን የሚቆርጥልን አለቃ ጥብቅ ነው፤ ከእርሱ እንማራለን። በሰው ፊት የሚያንቋሽሽ፣ ሠራተኛን በሠራተኛ የሚያሰልል፣ ባልደረቦችን የሚያናክስ ግን ሌላ ነው። ሱረቱል ሑጁራት ማፌዝን፣ በመጥፎ ስም መጠራራትን፣ መሰለልንና ሐሜትን ይከለክላል። ክልከላው ቢሮ በር ላይ አይቀርም።

አዲስ ተቀጣሪ ይበልጥ የሚፈራው የሙከራ ጊዜውን ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ይህ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም። በዚህ ጊዜ ለሥራው ብቁ አለመሆኑ ከታየ አሠሪው ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብተው ይችላል። ሆኖም የሙከራ ሠራተኛም እንደ ሌላው ሠራተኛ መብት አለው። ሃይማኖትም ከሥራ ለማሰናበት ምክንያት ሊሆን አይችልም።

መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው። የትርፍ ሰዓት ሥራ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት መብለጥ የለበትም፤ በነጻም አይሠራም። ከንጋቱ 12 እስከ ማታ 4 ሰዓት ላለው የመደበኛው ክፍያ 1.5 እጥፍ፣ ከማታ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 1.75፣ በሳምንት የዕረፍት ቀን 2፣ በሕዝብ በዓል 2.5 እጥፍ ይከፈላል። የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። «ቆይ፣ ሌላ ጊዜ እጠይቃለሁ» የሚል ወጣት ይህን አይርሳ። አዋጁ የመንግሥት ሠራተኞችን እንደማይመለከትም ልብ ይበሉ፤ እነርሱ የራሳቸው ሕግ አላቸው።

ታዲያ በየቀኑ ምን እናድርግ? አንደኛ፣ የሆነውን በዕለቱ እንጻፍ፦ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የተባለውን፣ ማን እንደነበረ። መልእክቶችንም አናጥፋ። በቃል የተሰጠንን ትእዛዝ «እንዲህ ተረድቻለሁ» ብለን በጽሑፍ መልሰን እንላክ። ሁለተኛ፣ የተሰጠንን ሥራ አጥርተን እንሥራ። ሥራ አማና ነው፤ የአለቃ በደል የእኛን ኃላፊነት አያነሳም፣ ጥሩ ሥራ ደግሞ ለከሳሽ ቀዳዳ አይሰጥም። ሦስተኛ፣ ከሐሜቱ ማዕድ እንራቅ። ዛሬ ሌላውን አብረውን የሚያሙ ነገ እኛን ያማሉ። በደልን መፍትሔ ሊሰጥ ለሚችል ሰው መንገር ግን ሌላ ነው፤ ዑለሞች የተበደለ ሰው አቤቱታ ከተከለከለው ሐሜት እንደማይቆጠር አስረድተዋል። ስለዚህ ለሰው ኃይል አስተዳደር በጽሑፍ ማመልከት፣ የሠራተኛ ማኅበር ካለ መያዝ፣ ካልሆነም ለሥራና ክህሎት ቢሮ አቤት ማለት መብታችን ነው።

መውጣት የግድ ሲሆንስ? የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መልቀቅ ይችላል። አሠሪው ሰብአዊ ክብሩንና ሞራሉን የሚነካ ድርጊት ከፈጸመበት ግን ያለ ማስጠንቀቂያ መልቀቅ ይችላል፤ ምክንያቱን በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት፣ ይህም መብት ድርጊቱ ከተፈጸመ ወይም ከቆመ ከ15 የሥራ ቀናት በኋላ ያልፋል። በየትኛውም መንገድ ቢለቅ የሥራ ልምድ ማስረጃውን ያለ ክፍያ ማግኘት አለበት። በንዴት በር ዘግቶ የሚወጣ ሰው ብዙ ጊዜ ይህን ወረቀት ሳይዝ ይሄዳል፤ ቀጣዩ ቀጣሪ መጀመሪያ የሚጠይቀው ግን እርሱን ነው።

ወላጆችም ልጃቸው «ሥራው ከበደኝ» ሲል «ቻለው» ከማለታቸው በፊት ምን እንደገጠመው ይጠይቁት። ሶብር ማድረግ መብትን ከመጠየቅ አይከለክልም። ሪዝቅ የሚሰጠው አላህ ነው፤ አለቃ ሰበብ ብቻ ነው።