የባሕሩን ትኩሳት ከሰማይ መለካት

ልጅ ሲያተኩሰው እናት መጀመሪያ እጇን ግንባሩ ላይ ታሳርፋለች። እኔ በነርስነት ሳገለግል ቴርሞሜትሩን ብብት ሥር አስገብቼ እጠብቅ ነበር። በኮሮና ጊዜ ደግሞ ግንባር ሳይነካ ሙቀት የሚያነብ መሣሪያ በየበሩ አየን። የባሕር ሙቀትም ዛሬ እንደዚያው ይለካል።

ሳተላይቶች በ800 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ እየዞሩ ከባሕሩ ገጽ የሚወጣውን የሙቀት ጨረር ያነባሉ። እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ የተያዘ መዝገብ አለ። ነገር ግን ይህን ጨረር ደመና ይጋርደዋል፤ የሚነበበውም የውኃው የላይኛው ቆዳ ብቻ ነው። ስለዚህ ንባቡ ባሕር ላይ ከሚንሳፈፉ ቴርሞሜትሮች ጋር ይመሳከራል። ጠንቃቃ ነርስም በአንድ ልኬት ብቻ አትወስንም።

የሩቁ ባሕር ለእኛ ምናችን ነው? የፓስፊክ ውቅያኖስ መካከለኛ ክፍል ከወትሮው በግማሽ ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ ሞቆ ለወራት ሲቆይ ኤልኒኖ ይባላል። ያን ጊዜ የሰሜንና የመካከለኛው ኢትዮጵያ ክረምት ብዙ ጊዜ ይደክማል። በ2007 ዓ.ም. ያየነው ይህንኑ ነው፤ በተከታዩ ዓመት ከ10 ሚሊዮን በላይ ወገኖቻችን የምግብ እርዳታ ፈላጊ ሆኑ። እንዲህ ባለ ጊዜ ቀድመው የሚጎዱት ሕፃናት፣ ነፍሰ ጡሮችና አረጋውያን ናቸው።

ትኩሳት ቶሎ ከታወቀ ሕክምናው ይቀላል። እናም ውድ ወላጆች፣ የወቅቱ የአየር ትንበያ በሬዲዮ ሲነገር ጆሮ ስጡት። ገጠር ላሉ ዘመዶቻችሁም ደውሉ፤ ቶሎ የሚደርስ ዘር እንዲመርጡ፣ ከጎተራቸውም ለልጆቹ የሚሆን እህል እንዲያስቀሩ ምከሯቸው።